መልስ፦ ሩብ እያሳየ ነዳጅ የሚጨርስ ጌጅ

ወንድሜ፣ የድሮዋ ኮሮላህ ጌጁ (ዳሽቦርዱ ላይ የነዳጁን መጠን የሚያሳየው) ሩብ እያሳየ ነዳጅ ጨርሳ መንገድ ላይ ቆመችብኝ ብለሃል። ዳሽቦርዱን ለመፍታት አትቸኩል። እኔ ጌጁን በከንቱ ካስቀየርኩ በኋላ ነው ችግሩ ታንክ ውስጥ መሆኑ የገባኝ።

መጀመሪያ ታንኩን ሳትከፍት የጌጁን ሽቦ ከታንኩ ላይ ንቀልና ቁልፉን አዙር። መርፌው ባዶው ላይ መተኛት አለበት፤ ካልተኛ ሽቦው የሆነ ቦታ ቦዲ ነክቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ሽቦውን በትንሽ የ3 ዋት አምፖል በኩል ከቦዲ ጋር አገናኘው። መርፌው ከተነሳ ጌጁም መስመሩም ደህና ናቸው።

ከዚያ ባትሪውን ነቅለህ፣ ደጅ ላይ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት የታንኩን ሴንሰር አውጣ፤ ነዳጁ ላይ በሚንሳፈፍ ኳስና ክንድ መጠኑን ለጌጁ የሚነግረው ዕቃ ነው። እንደ አንተዋ ባሉ የድሮ ኮሮላዎች ተንሳፋፊው ወደ ላይ ሲነሳ 3 ኦም፣ ወደ ታች ሲወርድ 110 ኦም አካባቢ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይነበባል። ክንዱን በዝግታ ስታንቀሳቅሰው ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ተበልቷልና ቀይረው። የኔው ልክ ሩቡ ጋ ተፍቆ ያብረቀርቅ ነበር።

ቁጥሩ ካልዘለለ ግን የተንሳፋፊውን ዘንግ በጥቂቱ ወደ ላይ እጠፈው፤ በዚያው ነዳጅ መርፌው ዝቅ ብሎ ያነባል። ገጥመህ፣ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ባዶው ታንክ ላይ 5 ሊትር ብቻ ጨምር። መርፌው በሙቀት ስለሚሠራ ሁለት ደቂቃ ታገሠው። ላይኛው ጫፍ ትንሽ ቢዛነፍ ግድ የለም፤ ታችኛውን ግን አደራ፣ ትክክል እስኪሆን ደጋግመው።