በሥራ ላይ ተጎድቶ «ዝም በል» ለተባለ ሠራተኛ

ውድ እኅታችን፣ ባለቤትዎ በሚሠሩበት የቨርጂኒያ ዌርሃውስ ከሦስት ሳምንት በፊት ካርቶን ሲያነሡ ወገባቸው መጎዳቱን፣ ሱፐርቫይዘራቸውም «ወርከርስ ኮምፕ (የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ) ውስጥ አትግባ፤ ቤት ውስጥ ነው የተጎዳሁት ብለህ በራስህ ኢንሹራንስ ታከም፣ ሰዓትህን አንነካብህም» ካላቸው በኋላ የሥራ ሰዓታቸው መቀነሱን ገልጸው፣ ምን ማድረግ እንደሚሻል ጠይቀዋል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ሆኖም በዚያው ግዛት በሌላ መጋዘን ለዓመታት የፈረቃ ኃላፊ ስለነበርኩ፣ ይህ ምክር ከየት እንደሚመነጭ ከውስጥ አይቻለሁ።

በፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ በኦሻ ደንብ መሠረት፣ ጉዳት በኩባንያው መዝገብ የግድ የሚሰፍረው ከመጀመሪያ እርዳታ ያለፈ ሕክምና ሲጠይቅ፣ ሠራተኛውን ከሥራ ሲያስቀር ወይም ሥራውን ሲገድብበት ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ማስታገሻ በተለመደው መጠን ሲወሰድ የመጀመሪያ እርዳታ ነው፤ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ግን ጉዳቱን ያስመዘግባል። እኛ ጋ የተጎዳ ሰው በረዶና አድቪል ተሰጥቶት ወደ መስመሩ ይመለስ የነበረው ለዚህ ነው፤ አደጋ ባልተመዘገበበት ወር የአለቆች ቦነስ ከፍ ይል ነበርና።

ከዚህ የሚብሰው ግን «ሪፖርቱን እኛ ልከናል፣ አታስብ» የሚለው ማባበያ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ሠራተኛው በ30 ቀናት ውስጥ ጉዳቱን ለአሠሪው በጽሑፍ ማሳወቅ፣ በ2 ዓመት ውስጥም ለግዛቱ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን የራሱን አቤቱታ ማስገባት ይኖርበታል፤ አሠሪው የሚልከው ሪፖርት ይህን አቤቱታ አይተካም። ስለዚህ የጽሑፍ ማስታወቂያውን በዚሁ ሳምንት ይስጡ፣ ቅጂውንም ያስቀሩ። ለሐኪምም እውነቱን ይናገሩ፤ «ቤት ውስጥ ነው» ተብሎ የተጻፈ የመጀመሪያ የሕክምና ማስታወሻ በኋላ በራሳቸው ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። የአሠሪው የካሳ ኢንሹራንስ ሰው ደውሎ ድምፅ እየቀዳ ሲጠይቃቸውም፣ ሕመሙ በየትኛው ቀንና ምን ሲያነሡ እንደጀመረ በትክክል ይግለጹ። በቨርጂኒያ ቀስ በቀስ የመጣ የወገብ ሕመም እንደ ድንገተኛ አደጋ ስለማይቆጠር፣ በይሉኝታ «ቆየት ብሏል መሰለኝ» ማለት ጉዳዩን ሊያስጥል ይችላል። የእኛ ሰው ደግሞ ይህችን አነጋገር ይወዳል።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ነገር አለ። ከሥራ ለሚቀር ሠራተኛ የሚከፈለው ካሳ ከአማካይ ሳምንታዊ ደመወዙ ሁለት ሦስተኛው ሲሆን፣ አማካዩም በመደበኛው ከጉዳቱ በፊት በነበሩት 52 ሳምንታት ይሰላል። እረፍት ሳይወጡ የሠሩበት የምሳ ግማሽ ሰዓት ሲቆረጥባቸው ወይም ከ40 ሰዓት በላይ የሠሩት በአንድ ተኩል ሳይከፈል ሲቀር ከኖረ፣ ያው የተሸረፈው ደመወዝ ካሳውንም ይሸርፈዋል። የክፍያ ወረቀቶቻቸውን ሰብስበው ከራሳቸው ማስታወሻ ጋር ያመሳክሩ፤ ያልተከፈለውን የትርፍ ሰዓት በፌዴራል ሕግ 2 ዓመት፣ ጥሰቱ ሆን ተብሎ ከሆነም 3 ዓመት ወደ ኋላ መጠየቅ ይቻላል።

የሰዓቱ ቅነሳ ጉዳቱን በመናገራቸው የመጣ በቀል ከሆነ፣ ለኦሻ የሚቀርበው አቤቱታ ቅነሳው ከተፈጸመበት ጀምሮ በ30 ቀን የተገደበ ነው። ባያነሡትም ልጨምር፦ የቨርጂኒያ የካሳ ሕግ የሥራ ፈቃድ የሌለውንም ሠራተኛ ይሸፍናል፤ በዚህ የሚያስፈራራ አለቃ ካለ አይስሙት። ለሕክምናውም ኩባንያው ቢያንስ የሦስት ሐኪሞች ዝርዝር ማቅረብ አለበት፣ ምርጫውም የባለቤትዎ ነው። ዝርዝሩ ካልቀረበላቸው ራሳቸው የመረጡት ሐኪም ዘንድ መሄድ ይችላሉ።