ሮቢን፦ ከነሞተሯ የቆየች የጭነት መርከብ

ጠያቂያችን በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ከተሠሩት የእንፋሎት ጭነት መርከቦች መካከል ከነመጀመሪያ ሞተሯ እስከ ዛሬ የቆየች መኖር አለመኖሯን፣ እንዲሁም ሞተሩ ሦስት ሲሊንደር ያስፈለገው ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። በመርከብ ሞተር ክፍል ለብዙ ዓመታት የሠራሁ በመሆኔ የማውቀውን ላካፍል።

አዎን፣ አለች፤ ስሟም ሮቢን ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 በምሥራቅ ለንደን፣ ብላክዎል አካባቢ ከተሠራች በኋላ ሞተርና ቦይለር (ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያመነጨው ጋን) እንዲገጠምላት ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ዳንዲ ከተማ ተወሰደች፤ የገጠመላትም ጎርሌይ ብራዘርስ የተባለ የዚያው ከተማ ድርጅት ነበር። ርዝመቷ 43 ሜትር ገደማ ሲሆን እህል፣ ማዕድንና የድንጋይ ከሰል እየጫነች ከወደብ ወደብ ትመላለስ ነበር። በ1900 ለስፔናውያን ተሸጣ ማሪያ ተባለች፤ እስከ 1974 ድረስም እዚያው ሠራች። በኋላ በከሰል ፈንታ ነዳጅ ዘይት እንድታነድ ብትደረግም ሞተሯ አልተቀየረም፤ በ1974 የብሪታንያ የመርከብ ቅርስ ጠባቂዎች ገዝተው ሲመልሷትም የመጣችው በራሷ እንፋሎት ነው። ለእኔ ከታሪኳ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ወደ ሲሊንደሮቹ ልመለስ። ሲሊንደር ማለት እንፋሎቱ ገብቶ እየሰፋ ፒስተን የተባለውን ተንሸራታች ክፍል የሚገፋበት በርሜል መሰል ክፍል ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት በአንድ ሲሊንደር ውስጥ እስከ መጨረሻው እንዲሰፋ ከተደረገ በእጅጉ ይቀዘቅዛል፤ የሲሊንደሩንም ግድግዳ አብሮ ያቀዘቅዘዋል፤ ተከትሎ የሚገባው ትኩስ እንፋሎት ደግሞ ግድግዳውን ሲነካ ሥራ ሳይሠራ ወደ ውኃነት ይለወጣል፤ ያን እንፋሎት ለማፍላት የነደደው ከሰልም በከንቱ ይቀራል። መስፋፋቱ በሦስት ደረጃ ሲከፈል ግን በእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚኖረው የሙቀት ልዩነት ይቀንሳል። ሦስቱ ሲሊንደሮች ስፋታቸው የሚለያየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ግፊቱ እየቀነሰ በሄደ መጠን ተቀራራቢ ኃይል ለማግኘት ፒስተኑ እየሰፋ መሄድ አለበት።

ይህ በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። የሊቨርፑሉ የመርከብ ባለቤት አልፍሬድ ሆልት በሁለት ደረጃ የሚሠራ ሞተር በ60 ፓውንድ ግፊት በካሬ ኢንች አስጠቅሞ፣ አጋሜምኖን የተባለችው መርከቡ በ1866 በቀን 20 ቶን ገደማ ከሰል ብቻ እያነደደች ከሊቨርፑል እስከ ሞሪሸስ ሳታቋርጥ እንድትሄድ አድርጓል። ያነሰ ከሰል ማለት ለጭነት የሚተርፍ ቦታ ማለት ነውና ነጋዴው ወዲያውኑ የሚረዳው ጉዳይ ነበር። ሦስተኛው ደረጃ ከዚህም የበለጠ ግፊት ስለሚፈልግ ጠንካራ የአረብ ብረት (ስቲል) ቦይለር እስኪገኝ መጠበቅ ግድ ሆነ፤ በ1881 አበርዲን የተባለችው መርከብ በ125 ፓውንድ ግፊት ስትሠራ ጉዳዩ ተረጋገጠ። ሮቢን የተሠራችው ከዚህ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ይህ ሞተር ለአነስተኛ መርከብም የሚመረጥ ሆኖ ነበር።

ኮንደንሰሩም ሊዘነጋ አይገባም። ሥራውን የጨረሰውን እንፋሎት በባሕር ውኃ አቀዝቅዞ ንጹሕ ውኃ አድርጎ ወደ ቦይለሩ ይመልሰዋል፤ ጨዋማ ውኃ በዚያ ግፊት ቢፈላ የቦይለሩ ቱቦዎች በጨው ቅርፊት በተሸፈኑ ነበር።

ሮቢን ዛሬ ቀፎዋ ስለደከመ በተንሳፋፊ መድረክ ላይ ተቀምጣለች፤ ሞተሯም አይሽከረከርም። የዚህን ዓይነት ሞተር በእንፋሎት ሲሠራ ማየት የሚፈልግ ሰው በለንደን ዳርቻ ወደሚገኘው ወደ ኬምፕተን ፓርክ ይሂድ። ሞተሩ በ1929 ሥራ የጀመረ የውኃ መግፊያ ሲሆን ቁመቱ 19 ሜትር ያህል ነው። እኔ እዚያ የቆምሁት የግፊት መለኪያዎቹ ፊት ለፊት ነበር፤ የመጀመሪያው ሲሊንደር መርፌ ከፍ ብሎ ሲቆም የመጨረሻው ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ እንፋሎቱ ያለውን ኃይል በየደረጃው ሰጥቶ መጨረሱ ከዚያ ይነበባል።