በዉድበርን ያዩአቸው ሩሲያውያን እነማን ናቸው?
ጠያቂያችን በአሜሪካ፣ በኦሪገን ግዛት፣ በዉድበርን ከተማ፣ ጥልፍ ሸሚዝ ለብሰው በመቀነት የታጠቁ ሩሲያውያን ማየትዎን ጠቅሰው፣ ሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ የመጡ እንደሆኑ ጠይቀዋል። አይደሉም፤ ከገለጻዎ እንደምረዳው «የጥንቱ ሥርዓት አማኞች» የሚባሉት ናቸው። ፓትርያርክ ኒኮን በ17ኛው መቶ ዘመን የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ሲያሻሽሉ፣ የእነዚህ ሰዎች አባቶች በሦስት ጣት አናማትብም ብለው በሁለቱ ጸኑ፤ ስደቱ ስለበረታባቸውም ከአገር አገር ሲንከራተቱ ኖረው፣ ልጆቻቸው ገሚሱ በቻይናና በብራዚል፣ ገሚሱ በቱርክ በኩል አድርገው፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዉድበርን የምትገኝበት የዊላሜት ሸለቆ ደረሱ። እዚያም በእርሻ፣ በተለይም በቤሪ ልማት፣ ኑሯቸውን መሠረቱ። ያዩት መቀነት ለጌጥ የሚታሰር አይደለም፤ ሲጠመቁ የሚታጠቁት ነው። ያገቡ ሴቶች ፀጉራቸውን ይሸፍናሉ፤ ወንዶቹ ጢማቸውን አይላጩም። ገናንም፣ እንደ እኛው፣ ጃንዋሪ 7 ያከብራሉ። የአሜሪካ ኑሮ ልጆቻችንን ያስረሳብናል ብለው የሠጉ ቤተሰቦች ደግሞ ወደ አላስካ ዘልቀው ኒኮላየቭስክ የተባለችውን መንደር ቆርቁረዋል፤ በዚያ ዋናው መተዳደሪያቸው ዓሣ ማጥመድ ሆነ።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ፖርትላንድ፣ ወደ ኦሪገን ትልቁ ከተማ፣ አካባቢ የገቡት ግን ሌሎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ፕሮቴስታንቶች ሲሆኑ፣ ከዩክሬን የመጡትም ጥቂት ስላልሆኑ ሁሉንም «ሩሲያዊ» ብሎ መጥራት አግባብ አይመስለኝም።