የሕግ መግቢያን ዘላችሁ አታንብቡ

ሕግ ለምትማሩ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት ሕግ በማርቀቅ ነው። በወጣትነቴ አዋጅ ሳነብ መግቢያውን እየዘለልሁ በቀጥታ ወደ አንቀጹ እሄድ ነበር። ይህን ልማድ ያስተወኝ ቨርጂኒያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች በባሮች ላይ ያወጣቻቸውን ሕጎች ማንበቤ ነው።

ኤልሳቤጥ ኪይ የምትባል ሴት ነበረች። እናቷ በባርነት የተያዘች አፍሪካዊት፣ አባቷ የቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት አባል የነበረ እንግሊዛዊ ናቸው። ገና ልጅ ሳለች ዘጠኝ ዓመት አገልግላ ነፃ እንድትወጣ ውል ተገብቶላት ነበር። ዘጠኙ ዓመት ካለፈ በኋላም አልለቀቋትም። እ.ኤ.አ. በ1655 ጌታዋ ሞተ፤ የሟች ንብረት ሲቆጠር እሷም አብራ ተቆጠረች። ያን ጊዜ ለራሷና ለሕፃን ልጇ ከሰሰች። በእንግሊዝ ሕግ ልጅ የአባቱን ወገን ይከተላል አለች፤ ክርስትና ተነሥቻለሁ አለች፤ የውሌም ዘመን አልቋል አለች። ጉዳዩ ከችሎት ችሎት ሲንከባለል ቆይቶ በ1656 ነፃነቷን አገኘች።

አሁን ቀጥሎ የመጣውን ተመልከቱ። የ1662ቱ ሕግ መግቢያ፣ ከእንግሊዛዊ አባትና ከጥቁር እናት የተወለዱ ልጆች ባሪያ ናቸው ወይስ ነፃ የሚል ጥርጣሬ ተነሥቷል ይላል። ከዚያም ልጅ የእናቱን ወገን ይከተላል ብሎ ይደነግጋል። ጌታ ከባሪያው የወለደው የገዛ ልጁ ንብረቱ ሆነ ማለት ነው። በ1667 ደግሞ ሌላ «ጥርጣሬ»፦ ጥምቀት ነፃ ያወጣል ወይ? አያወጣም ተባለ። ኤልሳቤጥ የገባችባቸው ሁለት በሮች በአምስት ዓመት ልዩነት ተዘጉ። ስሟ በየትኛውም አንቀጽ የለም። «ጥርጣሬ» የምትለዋ ቃል ግን እንደ እሷ ያሉ ሰዎች በዳኛ ፊት ቆመው እንደነበር ትመሰክራለች። ስለዚህ አደራ ልጆቼ፣ አዋጅ ስታነቡ ከመውጣቱ በፊት ማን ፍርድ ቤት እንደ ቆመ ፈልጉ፤ መዝገቡ ካለ አውጥታችሁ አንብቡት።

የ1669ኙን ሕግ ግን እስከ ዛሬ ሳነበው ሆዴ ይረበሻል። ጌታውን የተቃወመ ባሪያ በቅጣቱ ብርታት ቢሞት ገዳዩ በከባድ ወንጀል አይጠየቅም ይላል። ምክንያቱንም ይጨምራል፦ ሰው አስቦበት የገዛ ሀብቱን ያጠፋል ተብሎ አይገመትም። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። አስተማሪዎቼ ስታረቅ አሳጥር፣ ምክንያትህን ግለጥ፣ ለክርክር ቀዳዳ አትተው እያሉ ያሠለጠኑኝ ሁሉ እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ።