የመሣሪያ ግምጃ ቤት ቁልፍ ለተረከባችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣ የወጣትነት ዘመኔን ያሳለፍኩት በእርስ በርስ ጦርነት መካከል መሣሪያና ጥይት ስረከብና ሳስረክብ ነው። ወገን ከወገን ሲዋጋ ዛሬ ያስረከባችሁት መሣሪያ ነገ ሌላ እጅ ገብቶ በራሳችሁ ልጆች ላይ ይተኮሳል። መጋቢት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ ናደው ዕዝ የሚባለው የሠራዊታችን ክፍል ሲፈርስ ታንኩና መድፉ ሻዕቢያ እጅ ገባ። አድ ሽሩም በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ያለመውጫ የቀረውን ኮንቮይ፣ መሣሪያው እንዳይማረክ ሲባል የገዛ አየር ኃይላችን ደበደበው። ከመሣሪያው ጋር የነበሩት የሰው ልጆች ናቸው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ስለዚህ ግንባር አጠገብ ለቅርብ ቀናት ከሚበቃው በላይ ጥይት አታከማቹ። አዛዦች ትርፍ እንዲኖራቸው ይጨቀጭቋችኋል። ስጋታቸው እውነተኛ ነው፤ ቢሆንም አትስሟቸው።

በእኛ ጊዜ እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ ትጥቃችን በአብዛኛው የአሜሪካ ነበር፤ ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ የሶቪየቱ ጎረፈ። ለኤም 14፣ ለክላሽንኮቭና ለፒኬኤም መትረየስ የሚሆነው ጥይት ሁሉ በውፍረቱ 7.62 ሚሊሜትር ይባላል። የቀለሁ ርዝመት ግን በቅደም ተከተል 51፣ 39 እና 54 ሚሊሜትር ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። ሞርታሩም እንዲሁ ነው፦ የ82ቱ ቦምብ በ81 ሚሊሜትሩ አፈሙዝ አይገባም። ሳጥን ተሳስቶ ከተጫነ ምሽግ ውስጥ ያለው ወታደር ጠመንጃ ታቅፎ ይሞታል። ጥይቱን በዓይናችሁ ሳታዩ፣ በሳጥኑ ጽሑፍ ብቻ አታስረክቡ።

በቃል ትእዛዝ መሣሪያ አታውጡ። በስልክ የሚያዝዝ፣ በሌሊት መኪና የሚልክ፣ "ወረቀቱ ነገ ይደርሳል" የሚል ሰው አይጠፋም። ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን የተፈረመ ትእዛዝ ይምጣ፤ የመሣሪያው ቁጥርና የተረካቢው ስም በወጪ ሰነዱ ላይ ጎን ለጎን ይጻፍ። በቀይ ሽብር ጊዜ ለቀበሌ ጥበቃ ጓዶች የታደለው ጠመንጃ ምን እንዳደረገ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ኋላ የደርግ ባለሥልጣናት ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ከተመሠከረባቸው ማስረጃ ብዙው ራሱ መንግሥታቸው የጻፈው ሰነድ ነበር። ወጪ ሰነድ ማለት የንብረት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለሟች ቤተሰብ ገዳዩን የሚያገኝበት መንገድ ሊሆን ይችላል። ቅጂውን ከግምጃ ቤቱ ውጭ፣ በሌላ ሰው ኃላፊነት አስቀምጡ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ስንቱ ክላሽ በጥቂት ብር ተሸጠ፣ ስንቱስ ድንበር ተሻገረ! መዝገቡ በተቃጠለበት ቦታ ማንን ብሎ መጠየቅ ይቻላል?

ሌላው ጉዳይ የግምጃ ቤቱ ሥፍራ ነው። ጦርነቱ አልቆ አዲስ አበባ እፎይ ባለችበት ሳምንት፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በከተማዋ የነበረ የጥይት ክምችት ፈንድቶ ብዙ ሰው ጨረሰ። ሊዘግቡ ከሄዱት መካከል ኬንያዊው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ሞተ፣ የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚንም ግራ እጁን አጣ። እናንተ ዘንድ ከግምጃ ቤቱ አጥር ማዶ መኖሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ካለ፣ ማፈንጃው ፊውዝና ቦምቡ በአንድ ክፍል ተከማችተው ከሆነ፣ ለበላይ አካል በጽሑፍ አሳውቁ። መልስ ካልመጣ በየወሩ ሪፖርት ላይ ደግማችሁ ጻፉት፤ እስኪነሳ ድረስ።