ውለታ የሚቆጥር ልብ

ጥያቄ፦ ለጓደኞቼ የማላደርገው የለም። ሲታመሙ አስታምማለሁ፣ ሲቸግራቸው አበድራለሁ። እነሱ ግን ቀስ በቀስ እየሸሹኝ ነው። ልቤ ቅን ሆኖ ሳለ ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ቅንነትዎን አንጠራጠርም። ነገር ግን አንድ ልብ ውስጥ “ልድረስለት” የሚለውና “ነገ ይመልስልኛል” የሚለው ሐሳብ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ። ሁለተኛው ክፋት የለበትም፤ በንግድ ቦታ እንዲያውም ተገቢ ነው። ጓደኝነት ውስጥ ሲገባ ግን ይጎረብጣል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ክላርክና ጀድሰን ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጥናት፣ ወዳጅነት ፈልጎ የረዳ ሰው ወዲያው ብድሩ ሲመለስለት ለመላሹ ያለው ስሜት ቀዝቅዞ ተገኝቷል። የተመለሰው ብድር “ሂሳባችን ተዘጋ” የሚል መልእክት አለውና።

የውለታ ቆጠራው ራሱም አይታመንም። በዚያው ዓመት ሚካኤል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ ባለትዳሮችን ለየብቻ “ከቤቱ ሥራ ምን ያህሉን ትሠራለህ? ምን ያህሉን ትሠሪያለሽ?” ብለው ጠይቀው ነበር። የሁለቱ ድርሻ ሲደመር አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ በመቶ በላይ ሆነ። ሰው የለፋበትን ያስታውሳል፤ ሌላው የለፋበትን ግን ብዙውን ጊዜ አላየውም።

ልብዎን ለመፈተሽ በቅርቡ የረዱትን አንድ ሰው ያስቡ። መርዳትዎን ለሦስተኛ ሰው ነግረዋል? እሱ አንድ ነገር እንቢ ሲልዎት መጀመሪያ የመጣልዎት “እኔ ያኔ እንዲያ አድርጌለት!” የሚለው ነው? ከሆነ ቆጠራው ተጀምሯል።

ገንዘብ ላይ ደግሞ እጅዎ ኪስ ሳይገባ ይወስኑ። ብድር ከሆነ መጠኑንና የመመለሻ ቀኑን አፍ አውጥተው ይናገሩ። ስጦታ ከሆነም “አትመልሰው” ይበሉና ይርሱት። ወዳጅነትን የሚያበላሸው “ሲመችህ ትሰጠኛለህ” የሚባለው ነው፤ ሰጪው ቀን ይቆጥራል፣ ተቀባዩ መንገድ ይቀይራል። ቢቀር የሚያንገበግብዎትን ገንዘብ አያበድሩ፤ ቀንሰው ይስጡ ወይም “የለኝም” ይበሉ።

አንድ ነገር እንጨምር፦ እርስዎስ ጓደኞችዎን መጨረሻ እርዳታ የጠየቁት መቼ ነው? ሁልጊዜ ሰጪ ብቻ የሆነ ሰው ሌላውን ዘላለም ባለዕዳ ያደርገዋል፤ ባለዕዳ ደግሞ ይሸሻል። በዚህ ሳምንት አንድ ትንሽ ነገር ይጠይቋቸው፤ ዕቃ አብረው እንዲያነሱልዎት ቢሆን እንኳ።

ጥያቄ፦ ትዕግሥተኛ ልሆን አስባለሁ፤ በማግሥቱ እጮሃለሁ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ “ታጋሽ እሆናለሁ” የሚለው ሐሳብ ሰዓትም ቦታም የለውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው ዘዴ “እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ” ብሎ መወሰን ነው፦ “ንግግሬን ሲያቋርጠኝ፣ ሦስት ጊዜ ተንፍሼ ነው የምመልሰው።” አንድ ሁኔታ ብቻ ይምረጡ፤ አምስት የያዘ አንዱንም አይዘልቅበትም። ለውጡን ለማየት አይቸኩሉ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ባጠኗቸው የምግብ፣ የመጠጥና የእንቅስቃሴ ልማዶች እንኳ ለመልመድ ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚፈጅ ተገምቷል፤ ቁጣ ከዚያ ይቀላል ብለን አናስብም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ሲሳካላት “እንኳን ደስ አለሽ” እላለሁ፤ ውስጤ ግን ቅር ይለዋል። አስመሳይ ነኝ?

መልስ፦ አይደለሽም። ቅናት ሳይጠሩት ይመጣል፤ አንቺን የሚመለከትሽ ቀጥሎ የምታደርጊው ነው። ሼሊ ጌብልና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት ደስታውን በዝርዝር የሚጠይቅ መልስ ግንኙነትን ያጠብቃል። ስለዚህ “ጥሩ ነው” ብለሽ ወሬ አትቀይሪ፤ “ሲነግሩሽ ምን አልሽ? መቼ ትጀምሪያለሽ?” በያት። “ሥራው አይበዛብሽም?” የሚለው ግን አሳቢነት መስሎ የሚወጣ ቅናት ነው፤ ቢያንስ ለዚያ ቀን ዋጥ አድርጊው። ስሜቱ እስኪበርድም ስለ እሷ ለሌላ ሰው አታውሪ።