አናፖሊስ ያለው ቢልና ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ ያለው ቢል

ሜሪላንድ ስለሚወጡ የአየር ንብረት፣ የኤሌክትሪክና የጤና ህጎች የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ እነሆ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር፣ በግዛቲቱ ዋና ከተማ በአናፖሊስ የሚካሄደውን የምክር ቤት ክርክር መከታተል ሱስ የሆነብኝ ሰው ነኝ። በእንግሊዝኛ ሁለቱም "ቢል" ስለሚባሉ ግራ እንዳይገባን፣ ምክር ቤት የሚገባውን የህግ ሀሳብ "ረቂቅ"፣ የምንከፍለውን ደግሞ "ቢል" እላለሁ። ወሮቹና ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንዲት ተወካይ ረቂቅ አቀረበች ሲባል ህግ ወጣ ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ ገና ነው። ምክር ቤቱ ሁለት ቤት ነው፤ በአንዱ 47 ሴናተሮች፣ በሌላው 141 ተወካዮች አሉ። በየዓመቱ ከጥር ሁለተኛው ረቡዕ ጀምሮ የሚሰበሰበው ለ90 ቀን ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት ረቂቁ ሁለቱንም ቤቶች ካላለፈ ያው ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና "ሀ" ተብሎ ይጀመራል። ካለፈ ደግሞ አገረ ገዢው ይፈርማል፣ ወይ ውድቅ ያደርጋል፣ ወይ ዝም ይላል። ዝም ካለም ህግ ይሆናል። በ2022 የወጣው ትልቁ የአየር ንብረት ህግ የጸደቀው እንደዚያ ነው፤ የዚያን ጊዜው አገረ ገዢ ሆጋን አልፈረሙበትም።

ያ ህግ የግዛቲቱ የካርቦን ልቀት እስከ 2031 ድረስ በ2006 ከነበረው በ60 በመቶ እንዲቀንስ ያዛል። ግቡ ግርማ ሞገስ አለው። ግን መጀመሪያ ሲቀርብ አዳዲስ ህንጻዎች በኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሰሩ የሚል አንቀጽ ነበረበት፤ በድርድር ወጣ። ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፦ ረቂቅ ሲቀርብ አታጨብጭቡ፣ አትደንግጡም። ከማሻሻያው በኋላ ምን እንደተረፈ ጠይቁ። ትልልቅ የነዳጅ ኩባንያዎችን ለአየር ንብረት ጉዳት ለማስከፈል የቀረበው ረቂቅም በ2025 እየተሸራረፈ ወደ ጥናት ወርዷል።

ጥያቄ፦ የእኛ ሰፈር ተወካይ ምን ሰርታለች? በምርጫ ሰሞን ብቻ ነው የምናያቸው።

መልስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ ያለው 20ኛው ወረዳ አንድ ሴናተርና ሦስት ተወካዮች አሉት። ከሦስቱ አንዷ ከ2019 ጀምሮ እዚያ ያሉት ሎሪግ ቻርኩዲያን ናቸው። ኤሌክትሪክ ዋና ጉዳያቸው ነው። በ2023 የባህር ላይ ንፋስ ኃይል ግብን ወደ 8,500 ሜጋዋት ያሳደገውን ህግ ካቀረቡት መካከል ናቸው። ግቡ እስከ 2031 ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ይህን ስጽፍ በሜሪላንድ ባህር ላይ የሚዞር አንድም ተርባይን የለም። ፈቃዱ የፌዴራል መንግስት እጅ ነው። በ2024 ደግሞ ሰፈሮችን ከመሬት በታች ባለ ሙቀት ለማሞቅ የሙከራ ስራ እንዲጀመር የሚያደርገውን ረቂቅ አቅርበው ጸድቋል።

ጥያቄ፦ የመሬት ሙቀት ስትል እንደ አሉቶ ላንጋኖ?

መልስ፦ ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው። አሉቶ ላይ በጥልቀት ተቆፍሮ የሚወጣው እንፋሎት ተርባይን ያዞርና ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሜሪላንድ ስምጥ ሸለቆ የላትም። እዚህ የሚፈለገው ከመሬት ትንሽ ወረድ ሲባል ክረምት ከበጋ ብዙም የማይለዋወጠው ሙቀት ነው። ውሃ በቱቦ እየዞረ ያንን ሙቀት ይሸከማል፤ ሂት ፐምፕ የሚባለው ማሽን ክረምት ላይ ወደ ቤት ያስገባዋል፣ በጋ ላይ የቤቱን ሙቀት ወደ መሬት ይመልሰዋል። ቱቦ መቅበር የለመዱት የጋዝ ኩባንያዎች በመሆናቸው ሙከራው የተሰጠው ለእነሱ ነው። ብልህ ሀሳብ ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ የመብራት ቢሌ ጨመረ። ሰው ሁሉ የአየር ንብረት ህጉ ነው ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል። ቢላችሁን ገልብጣችሁ እዩት። ከ2008 ጀምሮ ለኃይል ቁጠባ ፕሮግራም የሚከፈል ክፍያ አለበት፤ እሱ የህግ ውጤት ነው። ትልቁ ጭማሪ ግን ከሌላ ቦታ ነው የመጣው። ሜሪላንድ ኤሌክትሪኳን የምታገኘው ፒጄኤም ከሚባለው የ13 ግዛቶችና የዋሽንግተን ዲሲ የጋራ መረብ ነው። ፒጄኤም ወደፊት በቂ ኃይል እንዲኖር ለማመንጫዎች የሚከፍለው ዋጋ በጨረታ ይወሰናል። በሐምሌ 2024 ጨረታ ይህ ዋጋ ለአንድ ሜጋዋት በቀን ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92 ዶላር ተተኮሰ። ወደ ዘጠኝ እጥፍ መሆኑ ነው! ቢላችን ላይ መታየት የጀመረው በሰኔ 2025 ነው።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ዳታ ሴንተሮች (ትልልቅ የኮምፒውተር መጋዘኖች) ኃይል ይጠጣሉ። አሮጌ ማመንጫዎች ይዘጋሉ፣ አዲሶቹ ደግሞ ከመረቡ ጋር ለመገናኘት ዓመታት ወረፋ ይጠብቃሉ። ባልቲሞር አጠገብ ያለው ብራንደን ሾርስ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ በ2025 ሊዘጋ ነበር፤ መረቡ ያለሱ አይችልም ተብሎ እስከ 2029 እንዲቆይ ሆነ። የማቆያውን ወጪ የምንከፍለው እኛው ነን። የአካባቢው ሳንባ የሚከፍለው ደግሞ ለብቻው ነው።

ጥያቄ፦ ምክር ቤቱ ገንዘብ ይመልሳል ተብሎ ነበር?

መልስ፦ አዎ፣ በ2025 በወጣው ህግ። በአማካይ ወደ 80 ዶላር ገደማ፣ በሁለት ዙር ከቢል ላይ እንዲቀነስ ታዘዘ። ጥሩ ነው፣ ግን ማስታገሻ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ በር አንኳኩቶ "ቢልዎን ያሳዩኝ፣ ልቀንስልዎ" የሚል ልጅ መጣ። ፈረምኩለት። አጠፋሁ?

መልስ፦ እማማ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም። የእኔም እናት እንደዚሁ ፈርመው ከጥቂት ወራት በኋላ ዋጋው ሽቅብ ወጣባቸው። ያ ልጅ የመጣው ከመደበኛው የመብራት ኩባንያችን ከፔፕኮ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ገዝቶ ከሚሸጥ ሌላ ነጋዴ ነው። ቢልዎ ላይ ያለውን የመለያ ቁጥር ካገኘ ሊያዛውርዎ ይችላል።

ደስ የሚለው፣ ለዚህ በ2024 ህግ ወጥቶለታል። ከጥር 2025 ጀምሮ የሚፈረም የቤት ውል ከ12 ወር አይበልጥም። ዋጋውም የመደበኛው ኩባንያ ያለፉት 12 ወራት አማካይ ዋጋ ላይ ተገድቧል። ሻጩ ራሱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። "አረንጓዴ ኃይል" ተብሎ የሚሸጠው ግን የተለየ ደንብ አለው፤ እሱ ላይ አይንዎን ይክፈቱ። አሁን ቢልዎን ያውጡና "አቅራቢ" የሚለው ቦታ ላይ የማያውቁት ስም ካለ ወደ መደበኛው መልሱኝ ብለው ይደውሉ። ካስቸገሩዎት የህዝብ አገልግሎት ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላል። በመብራት ጉዳይ ለተጠቃሚው የሚሟገት የመንግስት ቢሮም አለ። በ1924 የተቋቋመ ነው፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው።

ጥያቄ፦ የፓርኪንግ ሰራተኛ ነኝ። ሐምሌ ላይ አስፋልቱ ያቃጥለናል። የሚመለከተን ህግ አለ?

መልስ፦ አለ፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። ምክር ቤቱ በ2020 ባዘዘው መሰረት ደንቡ ከመስከረም 2024 መጨረሻ ጀምሮ ይሰራል። እርጥበቱ ታስቦ የሚሰማው ሙቀት 80 ፋራናይት ሲደርስ አሰሪው ቀዝቃዛ ውሃና ጥላ ማዘጋጀት አለበት። 90 ሲደርስ በየሁለት ሰዓቱ ቢያንስ 10 ደቂቃ እረፍት አለ፤ 100 ሲደርስ በየሰዓቱ 15 ደቂቃ። ውጪ ብቻ አይደለም፣ የሚግል ኩሽናና መጋዘንም ይመለከተዋል። አዲስ የተቀጠረ ሰው ደግሞ ሙቀቱን ቀስ በቀስ እንዲለምድ መደረግ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወድቀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዜጋ አይደለሁም፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። አናፖሊስ ሄጄ መናገር እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። ለመመስከር ዜግነት አይጠየቅም። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍተህ ቀደም ብለህ ትመዘገባለህ፣ ጽሁፍ ብቻ መላክም ይቻላል። የሚሰጥህ ደቂቃ ትንሽ ነው። ስለ ዓለም ሙቀት አትተርክ፣ ያንን የሚሉ ባለሙያዎች ሞልተዋል። ቢልህን ይዘህ ግባ፤ ከስንት ወደ ስንት እንደወጣ ተናገርና ተቀመጥ።

ጥያቄ፦ የጋዝ ምድጃ ሊከለከል ነው አሉ። ጀበናዬን ምን ላይ ልጣድ?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ አምስት ጊዜ ደርሶኛል! ያላችሁን ምድጃ የሚነቅል ህግ የለም። ወሬው የመጣው ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2022 ካወጣው ህግ ነው፤ እሱ የሚመለከተው አዲስ የሚሰሩ ህንጻዎችን ነው። ሬስቶራንቶች ማብሰያቸው አይነካም።

የጤናው ነገር ግን ወሬ አይደለም። የጋዝ እሳት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ እሱም የልጆችን አስም ያባብሳል። እኛ ደግሞ እሳቱ ላይ ቡና ቆልተን፣ እጣን ጨምረን፣ በርበሬ አቁላልተን መስኮት ዘግተን እንቀመጣለን። ማራገቢያውን ክፈቱ፤ አየሩን ወደ ውጪ የማያወጣ ከሆነ መስኮት።

ጀበናን በተመለከተ፣ ኢንዳክሽን የሚባለው ምድጃ የሚያሞቀው ማግኔት የሚስበውን ብረት ብቻ ስለሆነ ሸክላ ላይ አይሰራም። ተራው የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ይሰራል። ቀስ አድርጋችሁ አሙቁት እንጂ፤ የእኔ የመጀመሪያው ጀበና ቷ ብሎ ለሁለት ተሰንጥቋል።